ከስቶሬ እስከ ባንክ፦ የሽጉጥ ፈቃድ ስልጠና የመረጥኩበት መንገድ

ሽጉጥ በልብስ ሥር ይዞ ለመንቀሳቀስ የሚያስችል ፈቃድ ለማውጣት ብዬ የወሰድኩት የመጀመሪያው ስልጠና በጠቅላላው አራት ሰዓት ፈጀ። ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሆቴል የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሃምሳ የምንሆን ሰዎች የወረቀት ኩባያ ቡናችንን ይዘን ተቀመጥን፤ አስተማሪው በስክሪን ላይ የሚያሳየንን ሥዕል አየን፣ ሲቀልድ ሳቅን፣ ምሳ ሳይደርስም ሰርተፊኬታችንን ተቀብለን ወጣን። አንድም ጥይት አልተኮስንም። ማስታወቂያው ፈቃዱ «ከ30 በላይ በሆኑ ስቴቶች ይሠራል» ይል ነበር፤ እኔም የምኖርበትና የምሠራበት ስቴት፣ ሜሪላንድ፣ ከሠላሳዎቹ አንዱ እንደሚሆን ሳልጠይቅ ገምቼ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት፣ በጥበቃ ሥራ ሃያ ዓመት የቆዩ አንድ ደንበኛዬ እንጀራ ሊገዙ ሲመጡ ሰርተፊኬቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ካነበቡት በኋላ፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ለዩታ ስቴት ፈቃድ ማመልከቻ ነው። ሜሪላንድ የማንንም ስቴት ፈቃድ አትቀበልም፤ ዲሲም እንደዚያው ናት» አሉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱ አልዋሸኝም፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ቃል በሙሉ እውነት ነበር። ነገር ግን የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የተሰበሰበን ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለማይሠራ ወረቀት ማሠልጠን፣ ይህንንም በግልጽ አለመናገር፣ ለእኔ ከውሸት ብዙ አይርቅም።

ፈቃዱን የፈለግኩበት ምክንያት ቀላል ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና እንጀራ የምሸጥባት ትንሽ ስቶር አለችኝ፤ ደንበኞቼ ብዙዎቹ የሚከፍሉት በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ማታ ማታ የዕለቱን ሽያጭ ይዤ አራት ብሎክ በእግሬ ተጉዤ ባንክ አስገባለሁ። ከእኔ ሁለት በር አልፎ ያለ ጎረቤቴ ይህንኑ ሲያደርግ ተዘረፈ፤ ክንዱም ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ አራት ብሎክ ረዘመችብኝ።

ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከባድ ነበር። ሜሪላንድ እስከ 2022 ድረስ ይህን ፈቃድ የምትሰጠው «በቂና አሳማኝ ምክንያት» ላቀረበ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ገንዘብ የሚያመላልስ ነጋዴ ቢፈቀድለት እንኳ በአብዛኛው ለሥራው ጉዞ ብቻ የተገደበ ፈቃድ ነበር የሚያገኘው። ጁን 23 ቀን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ዮርክ ሕግ ላይ በሰጠውና «ብሩን» (Bruen) በሚል ስም በሚታወቀው ውሳኔ፣ እንዲህ ያለው መስፈርት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል አለ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁላይ 5 ቀን፣ የሜሪላንድ ገዥ የነበሩት ላሪ ሆገን ስቴት ፖሊስ መስፈርቱን መጠቀም እንዲያቆም አዘዙ። ፈላጊው ሲበዛ አሠልጣኙም በዛ፤ ስልጠና እንደ ስልክ ካርድ በየጥጋጥጉ የሚቸረቸር ዕቃ ሆነ። የእኔ ስህተት የተፈጸመው በዚህ ግርግር መሀል ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ስልጠና ከመምረጤ በፊት ሕጉ ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ለማንበብ አንድ ሙሉ እሑድ መደብኩ። ኦክቶበር 1 ቀን 2023 ሥራ ላይ በዋለው የሜሪላንድ ሕግ መሠረት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው ቢያንስ 16 ሰዓት፣ ፈቃዱን የሚያሳድስ ደግሞ 8 ሰዓት፣ ያውም በአካል ተገኝቶ መሠልጠን አለበት፤ አሠልጣኙም ከሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ የሽጉጥ አስተማሪነት ፈቃድ የተሰጠው መሆን ይኖርበታል። በመጨረሻም እስከ 15 ያርድ ከሚደርስ ርቀት 25 ጥይት ተኩሶ ቢያንስ 70 በመቶ ማስቆጠር ግድ ነው። ያስገረመኝ ግን የትምህርቱ ዝርዝር ነበር። ራስን ስለመከላከል ከሚናገረው ሕግ፣ ከመሣሪያው አሠራርና ከቤት ውስጥ ጥንቃቄ ጎን ለጎን ጠብን ስለማብረድ፣ ቁጣን ስለመግታትና ራስን ማጥፋትን ስለመከላከል መማር ግዴታ ነው። ሕጉ ከተኳሽነት ይልቅ ስለ ሰውየው ጠባይ የሚጨነቅ መሰለኝ፤ ስልጠና የምመርጥበትን መለኪያም ያገኘሁት ከዚሁ ነው።

አራት ቦታ ደወልኩ። የመጀመሪያው ሰውዬ ሰዓቱን ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወረቀቱ ላይ 16 እንጽፋለን፣ ግን ከሰዓት በኋላ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ። ይህን የሚለው እኔን ለማስደሰት ነበር፤ ነገር ግን ማመልከቻው ላይ እውነት ነው ብዬ የምፈርመው እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ። ሁለተኛው ቦታ ሃያ አራት ሠልጣኝ በሁለት አስተማሪ የሚያስተኩስ ሆኖ አገኘሁት፤ የጎረሰ መሣሪያ የያዙ አሥራ ሁለት ጀማሪዎችን አንድ ሰው እንዴት በዓይኑ እንደሚከታተል ጠይቄ የረባ መልስ አላገኘሁም። ሦስተኛው ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ሲሆን፣ የሽጉጥ ኪራይ፣ ጥይት፣ የኢላማ ወረቀትና የተኩስ ቦታ ክፍያ ተለይተው ሲደመሩ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። አንድ ነገር ልብ እንዲባል እፈልጋለሁ፦ ለስቴት ፖሊስ የሚከፈለው 125 ዶላር የማመልከቻ ክፍያና የጣት አሻራ ወጪ የየትኛውም ትምህርት ቤት ዋጋ አካል አይደሉም፤ «ሁሉንም ያካተተ» የሚል ማስታወቂያ ሲነበብ ይህ መረሳት የለበትም።

አራተኛዋ ሴት ነበረች፤ ከውትድርና በጡረታ የወጣች፣ በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ የማትቀበል። እኔ ከመጠየቄ በፊት እሷ ጠየቀችኝ። የት እንደምኖር፣ የት እንደምሠራ፣ ሽጉጡን ይዤ ከየት ወዴት ለመሄድ እንዳሰብኩ፣ ቤት ውስጥ ልጆች መኖራቸውን አንድ በአንድ ጠየቀች። ስለ ስቶሩ ስነግራት፣ የራሱ ንግድ ቤት ውስጥ ሽጉጥ ለሚይዝ ባለቤት የሜሪላንድ ሕግ ፈቃድ እንደማይጠይቅ፣ እኔ ፈቃድ የሚያስፈልገኝ በሩን ዘግቼ እግረኛ መንገዱን ከረገጥኩበት ደቂቃ ጀምሮ እንደሆነ አስረዳችኝ። የትኛውን ሽጉጥ ብገዛ እንደሚሻል ስጠይቃት፣ «እሱን ሁለተኛው ቀን ላይ እናወራለን» ብላ አለፈችው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ከአራቱ ሰዓት አንዱን የጨረሰው የራሱን ሽጉጦች በማሳየት ነበርና ልዩነቱ ወዲያው ገባኝ። የአስተማሪነት ፈቃዷን እንድታሳየኝ ስጠይቃትም አልተቆጣችም፤ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ።

ባለቤቴ በበኩሏ የራሷ ቅድመ ሁኔታ ነበራት። «ቤቴ የሚገባ ከሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ ከሴትዮዋ አፍ መስማት አለብኝ» አለች። አስተማሪዋ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ስለ ቤት ውስጥ አቀማመጥ በሚሰጠው ክፍለ ጊዜ ባለቤቴ ያለ ክፍያ እንድትገኝ ፈቀደች። እዚያም ያልጠበቅነውን ሰማን፦ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የጎረሰ መሣሪያ መተው ወንጀል ነው፤ ዕድሜው ቀድሞ 16 የነበረ ሲሆን በ2023 ከፍ ተደርጓል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለን። ትልቅ ሰው ነው ብለን ጉዳያችን ያልነው ትንሹን ልጃችንን ብቻ ነበር። አስተማሪዋ ራስን ስለማጥፋት የተናገረችውም ከዚያ ጋር ተያይዞ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ክፉ ሐሳብ በመጣበት ሰዓት ሽጉጥ እጁ ላይ አለመገኘቱ ብቻውን ሕይወት እንደሚያተርፍ ስታብራራ ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ወጥተን ሽጉጡን ሳይሆን ግድግዳ ላይ የሚታሰረውን የብረት ሣጥን ነው ቀድመን የገዛነው።

የሕጉ ትምህርት ሙሉ ቀን ወሰደ። ከሁሉም የማልረሳው አንዱን ጥያቄ ነው። «አንድ ልጅ ካሽ ሬጅስተርህን ከፍቶ ብሩን አፈሰና ሮጠ፤ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ። «አስቆመዋለሁ» አልኩ። «በምን?» አለች። ዝም አልኩ። «ጀርባውን ሰጥቶህ የሚሮጥን ሰው ለ180 ዶላር ተኮስክበት ማለት ነው፤ ቀጥሎ የምትቆመው ዳኛ ፊት ነው» አለችኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ንብረትን ለማዳን ብቻ ተብሎ ሰው ላይ አይተኮስም፤ ከቤት ውጭ ደግሞ፣ ራስን አደጋ ላይ ሳይጥሉ መሸሽ የሚቻል ከሆነ መሸሽ ይገባል። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ጠቡን እሱ ያልጀመረ ሰው የመሸሽ ግዴታ የለበትም። አንዱን ስቴት የሚያውቅ አስተማሪ ለሌላው ስቴት ነዋሪ የማይበቃው ለዚህ ነው።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሠልጣኝ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ራስን ስለመከላከል የሚናገረው ሕግ አደጋው «ወዲያውኑ የሚደርስ» መሆን አለበት ይላል። እኔ ቃሉን በእንግሊዝኛ ስሰማው በጭንቅላቴ የተረጎምኩት «ሊደርስ የሚችል» ብዬ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ የእስር ቤት በር ቆሟል። ሊመጣ ይችላል የምለው ሰው ብዙ ነው፤ እየመጣ ያለው ግን አንዳንዴ ማንም ላይሆን ይችላል። ጽሑፎቹን ሳምንት አስቀድማ እንድትልክልኝ ጠይቄ ስለነበር ቃሉ ላይ ምልክት አድርጌ ሄጄ አስረዳችኝ። ጽሑፍ አስቀድሞ የማይሰጥ፣ ጥያቄ የሚያቋርጠውና የሚያሰለቸው አስተማሪ ለእኛ ሰው አይሆንም። ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር ጽሑፉ መቼ እንደታደሰ ነው፤ የ2023ቱ ሕግ ሽጉጥ እንዳይገባባቸው የከለከላቸው ቦታዎች ጉዳይ ገና ከጅምሩ ፍርድ ቤት የገባና አንዳንዱ ድንጋጌም የታገደ ሲሆን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2022 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ዙሪያ 100 ያርድ ድረስ ያወጣው ክልከላም እንደዚሁ ፍርድ ቤት ክርክር ተነስቶበታል። የዛሬ ሁለት ዓመት የተባዛ ወረቀት የሚያድል አስተማሪ ሰውን ለቅጣት አሳልፎ ይሰጣል።

ተኩሱ ላይ ያፈርኩትን ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ። ያደግኩት ጎጃም ነው፤ የአባቴ ምንሽር ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ እያየሁት ነው ያደግኩት፤ በሠርግ በጥምቀት ሲተኮስ ሰምቻለሁ፤ አሥራ አራት ዓመቴ ላይም ራሴ ተኩሻለሁ። መሣሪያ እያዩ ማደግ መሣሪያ ማወቅ ይመስለናል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ጥይቶቼ በሙሉ ከኢላማው መሀል ወርደው ወደ ግራ አረፉ። ሽጉጡ ነው ብዬ አማረርኩ። አስተማሪዋ ምንም ሳትናገር ካዝናውን ተቀበለችኝ፤ ጀርባዋን ሰጥታ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መሀል ባሩድ የሌላቸው የመለማመጃ ጥይቶች ቀላቅላ ሞላችና መለሰችልኝ። ሁለት ተኮስኩ፤ ሦስተኛው ላይ ምላጩን ስስብ ሽጉጡ አልጮኸም፤ አፈሙዙ ግን በገዛ እጄ ግፊት ዘቅዝቆ መሬት ሊያይ ደረሰ። ድምፁን በመፍራት ጥይቱ ሳይወጣ እጄ ቀድሞ ይወርድ ነበር። ከኋላዬ የነበሩት አምስቱም አዩት። «አሁን ሽጉጡ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ ምላጭ በቀስታ መሳብ ብቻ ተለማመድን። ስድስት ሰው ብቻ ባንሆን ይህ ጊዜ ከየት ይመጣል? ከመካከላችን በትምህርቱ የተሻለችው መሣሪያ በእጇ ነክታ የማታውቅ የሆስፒታል ነርስ ነበረች፤ የምትረሳው ክፉ ልማድ አልነበራትም። እኔ በመጨረሻው ፈተና ከ25ቱ 21 አስቆጠርኩ፤ ለማለፍ ይበቃል፣ ለመኩራራት አይበቃም።

አሁን ብዙ ሠልጣኞች ወደማይጠይቁት፣ ለእኛ ማኅበረሰብ ግን ከሁሉ ወደሚከብደው ጉዳይ ልምጣ። ከስቶሬ ተነስቼ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ደቡብ አሥር ደቂቃ ብሄድ ኢስተርን አቬኑን እሻገራለሁ፤ ያ መንገድ የሜሪላንድና የዲሲ ወሰን ነው። አስፋልቱ አንድ ነው፣ ሱቁ ያው ነው፤ የሜሪላንድ ፈቃዴ ግን እዚያ ማዶ ወረቀት ብቻ ነው። ዲሲ ውስጥ ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ አምስት ዓመት ሊያሳስር የሚችል ከባድ ወንጀል ነው። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ ቅጣቱ በዚህ አያበቃም። የግሪን ካርድ ባለቤት መሣሪያ መግዛትና መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን የመሣሪያ ሕግ ተላልፎ ይዞ በመገኘት የተፈረደበት እንደሆነ፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ ይህን ከአገር ለማስወጣት የሚያበቃ ምክንያት አድርጎ በግልጽ ይጠቅሰዋል። በትምህርት ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ መያዝ ራሱ ተከልክሏል። የሆቴል አዳራሹ ስልጠና ስለዚህ አንድ ቃል አላነሳም፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ከአነጋገራቸው እንደተረዳሁት ግማሹ መጤ ነበር።

ጫትም አለ። አገራችን ውስጥ ጫት መቃም ወንጀል አይደለም፤ እዚህ ግን በጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ እጅግ ከተከለከሉት ዕፆች ተርታ ተመድቧል። መሣሪያ ሲገዛ የሚሞላው ቅጽ 4473 ገዢው የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ መሆኑን ይጠይቃል፤ እያወቁ ሐሰት መሙላትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ማሪዋናም ሜሪላንድ በ2023 ብትፈቅደውም የፌዴራሉ ጥያቄ አልተለወጠም። ቅዳሜ ከሰዓት ጫት ይዞ የሚቀመጥ ወዳጅ ስላለኝ ይህን ነገርኩት፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አስተማሪዋም ስለ ጫት ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ስነግራት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ስቴት ፖሊስ ማመልከቻን መርምሮ መልስ ለመስጠት 90 ቀን አለው። የእኔ ፈቃድ ጊዜው ሳይሞላ ደረሰ። የመጀመሪያው ፈቃድ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል የማሳደሻውን 8 ሰዓት እዚያችው ሴትዮ ዘንድ ለመውሰድ ከአሁኑ ተስማምተናል። ባንክ የምሄድበትንም ሰዓት ለወጥኩ፤ በእሷ ምክር አሁን የምሄደው በየቀኑ በተለያየ ሰዓት፣ በአብዛኛውም ገና ፀሐይ ሳለች ነው።

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ከአሌክሳንድሪያ ደውሎ፣ «አጎቴ፣ ያንን ስልጠና የወሰድክበትን ቦታ ንገረኝ» አለኝ። እሱ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ፈቃዱን የሚሰጠው በሚኖርበት ከተማ ወይም ካውንቲ ያለው ፍርድ ቤት ሲሆን ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ይወስናል፤ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ሕጉም እንደ ሜሪላንድ 16 ሰዓት ሠልጥን አይልም። ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ ግን በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ ትምህርት አይበቃም። የእኔ አስተማሪ ስለዚህ ለእሱ ትርፍ ናት ልለው ስል ሥራ መቀየሩ ትዝ አለኝ። «አሁን የምትሠራው የት ነው?» አልኩት። «ዲሲ፣ ማታ ማታ፣ ፓርኪንግ ጋራዥ» አለኝ። ዲሲ ለነዋሪዎቿ ላልሆኑም ፈቃድ ትሰጣለች፤ 16 ሰዓት ትምህርትና ሁለት ሰዓት ተኩስ፣ ዲሲ ፖሊስ በሚያውቀው አስተማሪ። አሠሪው መሣሪያ ይዞ እንዲገባ መፍቀዱን አስቀድሞ እንዲጠይቅ ነገርኩትና፣ በሁለቱም ቦታ የተፈቀደለት አስተማሪ ፍለጋ ስልክ መደወል ጀመርን። እስካሁን ሦስት ደውለናል።